የዋጋው ማነስ ከየት መጣ? አዳማ ላይ ርካሽ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

ደላላ ደውሎ «ቤት መጥቷል፣ ዋጋው ጉድ ነው፣ ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ የለም» ይላችኋል። ትሄዳላችሁ። ግቢው ጥሩ ነው፣ አስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ሰፈሩ ላይ ከሚጠራው በብዙ ያንሳል። እንዲህ ያለ ቤት ሁልጊዜ ወጥመድ አይደለም። ሁልጊዜ ዕድልም አይደለም።

አዳማ ላይ ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ የማያውቅ ባለቤት የለም ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ እየመጣ ቤት የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ባለቤቱ ባያውቅ እንኳ ጎረቤት ይነግረዋል። ስለዚህ ዋጋው ከወረደ ያወረደው ነገር አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ምክንያቱ በገንዘብና በጊዜ የሚስተካከል ከሆነ አስልቶ መግዛት ይቻላል። ምክንያቱ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ወይም መሬቱ ውስጥ ከሆነ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ይቅርባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁለቱን ለመለየት ነው። ብር የማያስወጣው ማጣሪያ ይቀድማል፣ ብር የሚያስወጣው ይከተላል።

1. መጀመሪያ፣ እውነት ርካሽ ነው?

ደላላ የሚነግራችሁ ዋጋ የተጠራ ዋጋ ነው። የተሸጠበት ዋጋ ሌላ ነው። ስለዚህ በዚያው ሰፈር በቅርቡ ቤት የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ፈልጉ። ሌላ ደላላ ዘንድ ሄዳችሁ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጡት፦ «እዚህ ሰፈር 200 ካሬ ላይ ያለ ብሎኬት ቤት ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ለገዢና ለሻጭ የሚነገረው ዋጋ አንድ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ መሃል አካባቢ ነው።

ስታወዳድሩ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ያለውን ከካርታ ካለው፣ ጭቃውን ከጭቃ፣ ብሎኬቱን ከብሎኬት ጋር ይሁን። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ግቢውን ለኩ። አጥር ወደ መንገዱ የተገፋበት ግቢ ብዙ ነው። ካርታው 200 ካሬ ብሎ ግቢው 240 ከሆነ፣ 40ው የእናንተ አይሆንም። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው።

2. ሻጩ ለምን ይሸጣል?

ጥሩ ምክንያት አለ። ወራሾች ውርስ ሊካፈሉ ነው፤ አንድ ሰው ውጭ ሊሄድ ቀኑ ደርሷል፤ ባልና ሚስት ተፋተው ንብረት እየተካፈሉ ነው፤ የባንክ ብድር አስጨንቋል። እነዚህ ሁሉ ዋጋ ያወርዳሉ፤ ቤቱን ግን አያበላሹትም።

ጥያቄውን ለሻጩ፣ ለደላላውና ለጎረቤቱ ለየብቻ አቅርቡ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ጥሩ ነው። ሻጩ «ውጭ ልሄድ ነው»፣ ደላላው «ልጁን ሊያሳክም ነው»፣ ጎረቤቱ ደግሞ «እሱማ ሁለት ዓመቱ ነው ሲሸጠው፣ ማን ይገዛዋል» ካሉ ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ ስትገቡ ዓይናችሁን ክፈቱ። «ማን ይገዛዋል» ያለውን ሰው ደግሞ ሳትለቁ ጠይቁት።

3. ወረቀቱን አንብቡ፣ አስነብቡ

ብዙ ሰው ቤቱን አይቶ ከወደደው በኋላ ነው ስለ ካርታ የሚጠይቀው። ገልብጡት። ወረቀቱ ካልጸዳ ቤቱን ማየት ጊዜ ማባከን ነው።

ከሕጉ እንነሳ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዙት ቤቱን ነው፤ ከቤቱ ጋር የይዞታ መብቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ሻጩ ራሱ የይዞታ መብት ከሌለው ወደ እናንተ የሚዞር ነገር የለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤትና ከአርሶ አደር ላይ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሻጩ «በቅርቡ ሕጋዊ ይሆናል፣ ምዝገባ ሊጀመር ነው» ሊላችሁ ይችላል። እውነት ከሆነ እሱ ራሱ ካርታውን ያውጣና ከዚያ ይሽጥ። ለልማት ተብሎ ቤት ሲነሳ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። የኮሪደር ልማቱ አዳማ ከገባ ወዲህ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

ካርታ አለ ከተባለ ዋናውን እዩ። ፎቶ ኮፒ በቂ አይደለም፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶማ ጭራሽ። አዳማ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ ካርታውም ከመሬት አስተዳደር የሚወጣው ደብዳቤም የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማታነቡ ከሆነ የሚያነብ የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው እየተረጎመ የሚነግራችሁ ከኪሳችሁ ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው የተረጎመው መሆኑን አትርሱ። የቀበሌ ቁጥርና የክፍለ ከተማ ስም በየጊዜው ስለተቀያየረ የቆየ ካርታ ላይ ያለው አድራሻ ከዛሬው ጋር ላይገጥም ይችላል። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ግን አሮጌው አድራሻና አዲሱ አንድ ቦታ መሆናቸውን መሬት አስተዳደር ያረጋግጥላችሁ።

ከዚያ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ወደ መሬት አስተዳደሩ ሂዱ። ፋይሉን የማስወጣት መብት ያለው እሱ ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻውን እሱ ይጻፍ፣ እናንተ አጠገቡ ቁሙ። ፋይሉ ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው፦

ስሙ የማን ነው? የሻጩ ካልሆነ በምን ይሸጣል? በውክልና ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል ሊኖረው ይገባል። «ማስተዳደር» ብቻ የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም። ወካዩ ውክልናውን እንዳልሻረ፣ በሕይወትም እንዳለ አጣሩ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። ወካዩን በቪዲዮ ደውላችሁ ማነጋገር ነውር አይደለም።

የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት? መያዣ ካለ ቤቱን መግዛት አይከለከልም። ብሩ ግን በሻጩ እጅ አይለፍ። ከሻጩ ጋር ባንክ ሄዳችሁ ቀሪ ዕዳው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ውሰዱ፤ ያን ያህሉን በቀጥታ ለባንኩ ክፈሉ፤ መያዣው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ቀሪው፣ ስሙ እስኪዞር ከምትይዙት በቀር፣ ለሻጩ። እግድ ካለ ግን ተመለሱ። ክርክሩ መቼ እንደሚያልቅ ዳኛውም አያውቅም።

ባለትዳር ነው? የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ካርታው በባልየው ስም ብቻ ስለሆነ ሚስትየው መብት የላትም ማለት አይደለም። እሷም መጥታ ትፈርም። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። የውርስ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ላይ ስማቸው ያለ ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ። አንድ ወራሽ «ወንድሜ አረብ አገር ነው፣ ችግር የለም» ካለ ችግሩ እዚያ ጋ ነው።

ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ) ነው ወይስ ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው የሊዝ ክፍያ ወደ ገዢው ነው የሚዞረው። ዋጋው ያነሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስንት እንደቀረ በጽሑፍ ውሰዱና ከቤቱ ዋጋ ጋር ደምሩት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ግንባታው ያልተጀመረበትን ወይም ያልተጋመሰበትን ቦታ ማስተላለፍም ይገድባል። መሠረት ብቻ የወጣለትን ቦታ «ቤት» ብለው ሲሸጡላችሁ ይህን አስታውሱ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ፕላኑ ነው። መንገድ ያልፍበታል? አረንጓዴ ቦታ ተብሏል? የጎርፍ መውረጃ ነው? ይህን ለከተማው ፕላን ክፍል ጠይቁ። ከአካባቢው ሰው መስማት መጀመሪያ ይሆናል፤ መደምደሚያ ግን አይሆንም።

4. ክረምትን በበጋ ፈልጉት

አዳማን የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል አይዘልም። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮረብቶቹ የሚወርደው ጎርፍ የቆየ ችግሯ ነው። ቤታችሁ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ኮረብታው ላይ ነዋ። በዚያ ላይ አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር ነው። ውሃ ቶሎ ይሸረሽረዋል። አምና ጠባብ ቦይ የነበረ ዘንድሮ ገደል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቤት ሲሸጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው። ምድሩ ደርቆ፣ ግቢው ተጠርጎ።

አንድ ጊዜ ለዘመድ ቤት ልናይ ከኮረብታ ግርጌ ወዳለ ሰፈር ሄድን። ጥር ነበር። ቤቱ ደረቅ፣ ንጹህ፣ ዋጋው ደግሞ የሚያጓጓ። ሳሎኑ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። መስኮቱ ሲከፈትና ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ግን ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ታየ። ከጉልበት በታች ያለው ቀለም አዲስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የቆየ ነው። ዙሪያውን፣ በአራቱም ግድግዳ፣ በአንድ ከፍታ። ወጣ አልኩና የጎረቤቱን በር አየሁ። ደጃፉ ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ተገንብቷል፤ የሚገባ ሰው ተራምዶት ነው የሚገባው። አንዲት እናት እዚያው ቁጭ ብለው ቡና ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ይቺ ብሎኬት ለምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ለሐምሌ ናት ልጄ» አሉኝ። «ውሃው ሲመጣ አልጋ ላይ ነው የምንወጣው። የእነሱ ግቢማ ከእኛም ይብሳል።»

ሻጩ ስለ ጎርፍ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ዘመዴ ቤቱን ተወው።

እናንተም ስትሄዱ ወደ ታች እዩ። የግድግዳው ሥር ነጭ ጨው አውጥቷል? ልስኑ ከታች እየተላጠ ነው? የብረት በሩ ግርጌ ዝጓል? የመብራት ማከፋፈያው ከሌሎቹ ቤቶች ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው? የቁም ሳጥኑ እግር ብሎኬት ላይ ነው የቆመው? ከዚያ ውጡና መንገዱን ተከትላችሁ ወደ ላይ በእግራችሁ ሂዱ፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ። ቦዩ የት ነው የሚያልቀው? በቆሻሻ ተደፍኗል? ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ይላል? መንገዱ ኮብል ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ግቢዎቹ ታች የቀሩበት ሰፈር አለ። ባለሱቁን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ፣ በረኛውን ጠይቁ። እነሱ ኮሚሽን የላቸውም።

ጎርፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ግቢ ውስጥ ቁርጭምጭሚት ድረስ ገብቶ የሚወጣ ውሃ በቦይ፣ በአጥር መሠረትና ደጃፍን ከፍ በማድረግ ይመለሳል፤ ይህ ብር ነው። ቤቱ የቆመው ራሱ የውሃው መንገድ ላይ ከሆነ ግን አጥር አያስቆመውም። መግዛቱን የምር ካሰባችሁና ጊዜ ካለ፣ ውሉን እስከ ክረምት አቆዩና ከትልቅ ዝናብ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ሻጩ አልጠብቅም ካለ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

5. ቤቱን ከራሳችሁ ግንበኛ ጋር እዩ

አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ የቀን ሒሳቡን ከፍላችሁ ውሰዱ። ደላላው ያመጣው አይሁን።

ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት የሚመስል ጭቃ ቤት ብዙ ነው። ጭቃ መሆኑ ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን የጭቃ ይሁን። የቋሚዎቹን ሥር ምስጥ በልቶት እንደሆነ በምስማር ወጋ ወጋ አድርጋችሁ እዩ። ምስማሩ ያለ ጉልበት ከገባ ግድግዳውን ያቆመው ልስኑ ነው።

ስንጥቅ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር የተለመደ ነው። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወርድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ፣ በውስጥም በውጭም የሚታይ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ለመሆኑ ምልክት ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የተለሰነ ግድግዳ ካያችሁ ልስኑ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ስንጥቁ በግቢው መሬት ላይም ከቀጠለ መሐንዲስ ሳያየው ቀብድ አትስጡ።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለና መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ውዝፍ ሒሳብ እንዳለበትና እንደሌለበት ከደረሰኙ እዩ።

«ግቢው የራሱ ጉድጓድ ውሃ አለው» ተብሎ እንደ ትልቅ ነገር ከተነገራችሁ አትቸኩሉ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፤ ወንጂ አካባቢ ይህ በደንብ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያጠራቅመዋል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ውሃውን ሳታስመረምሩ አታጠጧቸው። የቧንቧ መስመር ግቢው ድረስ መግባቱ ከጉድጓዱ በላይ ዋጋ አለው።

6. አሁን አስሉት

እንበልና በሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት 8 ሚሊዮን ይሸጣል፤ ይሄኛው 5 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ነው። ደላላው «2 ሚሊዮን ከ400 ሺህ አተረፋችሁ» ይላል።

ግንበኛው ጣሪያና ኮርኒስ 500 ሺህ፣ የግቢ ቦይና የታች ልስን 450 ሺህ፣ አዲስ የሽንት ቤት ጉድጓድ 200 ሺህ፣ የመብራት መስመር 150 ሺህ ገመተ እንበል። ድምሩ 1 ሚሊዮን ከ300 ሺህ። ሲሚንቶና ብረት በተጀመረበት ዋጋ አያልቅምና ሲሶ ገደማ፣ 400 ሺህ፣ ጨምሩበት። እድሳቱ እስኪያልቅ ስድስት ወር ቤት ብትከራዩ፣ በወር 15 ሺህ፣ 90 ሺህ ነው። ሁሉም ሲቀነስ የቀረው 610 ሺህ ነው። ቤቱ አሁንም ርካሽ ነው፤ ግን ደላላው ባለው ልክ አይደለም። ለእናንተ ያ 610 ሺህ የስድስት ወር ድካም ያዋጣል ወይ? ካላዋጣ በዚህ ስሌት ዋጋ አስቀንሱ። የግንበኛውን ወረቀት ለሻጩ አሳዩት፤ «ትንሽ ቀንስልን» ከማለት ይሻላል።

ለስም ማዛወሪያ የሚከፈለውን ለብቻው ያዙ። የቴምብር ቀረጥ የዋጋው 2 በመቶ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 112 ሺህ። ሌላ የአገልግሎት ክፍያም አለ። ይህ ማንኛውም ቤት ላይ ስለሚመጣ ከትርፉ አልቀነስኩትም። ጥሬ ብሩ ግን በእጃችሁ ሊኖር ይገባል።

7. ቀብድና ውል

«ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲባል ነው ሰው ተጣድፎ ቀብድ የሚሰጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ከደረጃ ሦስት በፊት ቀብድ አይሰጥ። ስትሰጡም መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ ወረቀቱ ላይም «ይዞታው ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ይጻፍ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም የማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ለመተማመን ጥሩ ነው፤ ቤት ግን አያስጠብቅም።

«ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን እንበል» ከተባላችሁ እሺ አትበሉ። ሕገወጥ ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ የምትጠይቁት ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ቀሪውን መክፈላችሁን በምን ታስረዳላችሁ?

ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። የተወሰነውን ስሙ እስኪዞር ያዙ፤ ይህም ውሉ ውስጥ ይግባ። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ማን መቼ እንደሚለቅ ይጻፍ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ተከራይን ስለሚጠብቅ ቤቱን ገዛሁ ብላችሁ በማግስቱ «ውጣ» ማለት አትችሉም። የቴምብር ቀረጡን፣ ውዝፍ ግብሩንና የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልም በግልጽ ይቀመጥ። የብዙ ሰው ጠብ የሚነሳው ከእነዚህ ነው።

ውሉ በጸደቀ ማግስት መሬት አስተዳደር ሂዳችሁ የስም ዝውውሩን ጀምሩ። ካርታው በእናንተ ስም እስኪወጣ ቤቱ በመዝገብ የሻጩ ነው፤ በዚህ መሃል ሌላ እግድ ሊገባበት ይችላል። ካርታው እጃችሁ ሲገባ ቀሪውን ክፍያ ፈጽሙ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ቆጣሪዎቹን በስማችሁ አዙሩ። የበሩንም ቁልፍ ቀይሩ።